ከምርመራው በኋላ ወዴት? ናኖ ቅንጣቶችና የማንኪራ አፈር

ናኖ ቴክኖሎጂ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሩቅ አገር፣ በውድ መሣሪያ በተሞላ ቤተ ሙከራ ውስጥ ስለሚካሄድ ምርምር ነው። እውነታው ግን ከዚህ እጅግ ለእኛ የቀረበ ነው። በአንድ የገጠር ጤና ኬላ ውስጥ የወባ ምልክት የታየበት ሰው ጣቱን ተወግቶ አንዲት ጠብታ ደም ሲሰጥ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በሚሆን ጊዜ ውስጥ በነጭ ወረቀት መሰል ንጣፍ ላይ ብቅ የምትለው ቀይ መስመር የናኖ ቅንጣቶች ሥራ ናት። መስመሯን ያቀላት ደሙ አይደለም። እጅግ የደቀቀ ወርቅ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ስለዚህች መስመር ጠቃሚነት ብዙ ተብሏል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። መስመሯ ከተነበበችና ታማሚው መድኃኒቱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ መመርመሪያው ወዴት ይሄዳል? በውስጡ ያሉት ናኖ ቅንጣቶችስ? ጥያቄውን በጥቅሉ ሳይሆን አንድ ስፍራን ይዘን፣ በካፋ ዞን የሚገኘውን የማንኪራን ደን እያሰብን ልንመረምረው እንወዳለን። አቋማችንን ከመነሻው ለመግለጽ ያህል፣ ናኖ የሚለው ስም ብቻውን ሊያስፈራንም ሊያስደንቀንም አይገባም። ስለ እያንዳንዱ ቅንጣት ከምን እንደ ተሠራ፣ ምን ያህል እንደ ሆነና መጨረሻው የት እንደ ሆነ ለይተን መጠየቅ አለብን። ይህ ጥያቄ መቅረብ ያለበትም ዕቃው ተገዝቶ ከተሠራጨ በኋላ ሳይሆን ከመገዛቱ በፊት ነው።

ቀይዋ መስመር እንዴት ትሠራለች?

አንድ ሜትር ለአንድ ሺህ ሚሊዮን ቢከፈል የሚገኘው ርዝመት አንድ ናኖሜትር ይባላል። ናኖ ቅንጣት የምንለው በአብዛኛው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሚለካውን ደቂቅ አካል ነው። በፈጣን የወባ መመርመሪያ ውስጥ የሚገኙት የወርቅ እንክብሎች ብዙውን ጊዜ 40 ናኖሜትር ያህል ስፋት አላቸው። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ወደ 7,000 ናኖሜትር ስለሚሰፋ፣ በአንዲት ሕዋስ ወርድ ላይ 175 የሚሆኑ የወርቅ ቅንጣቶችን መደርደር ይቻላል ማለት ነው።

ወርቅ በዚህ መጠን ሲደቅ ቢጫነቱን ይተዋል። ብርሃን ሲያርፍበት በገጹ ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች በአንድነት ይወዛወዛሉ፤ አረንጓዴውን የብርሃን ክፍል አጥብቀው ስለሚውጡትም ለዓይናችን የሚተርፈው ቀዩ ይሆናል። እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራዴይ በአንዳንድ ጠርሙሶቹ ውስጥ የነበረው ቀይ ፈሳሽ ቀለሙን ያገኘው እጅግ ከደቀቀ ወርቅ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1857 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አስረድቶ ነበር። ሪቻርድ ዚግሞንዲም እንዲህ ያሉ ድብልቆችን፣ ማለትም ኮሎይዶችን፣ በማጥናቱ የ1925ን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ስለዚህ ናኖ የሚለው ስም አዲስ ቢሆንም ነገሩ አዲስ አይደለም።

የመመርመሪያው ብልሃት ይህን ቀይ ወርቅ ከፀረ እንግዳ አካል ጋር ማጣመሩ ነው። የወባ ተውሳክ በሰው ደም ውስጥ ሲኖር የራሱን ፕሮቲኖች ይለቃል። ከእነዚህ መካከል ኤችአርፒ-2 የተባለው የፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም ብቻ ሲሆን፣ ኤልዲኤች የተባለው ኢንዛይም ደግሞ በሌሎቹም የወባ ዝርያዎች ዘንድ ይገኛል። ደሙ ከማሟሟያው ፈሳሽ ጋር በንጣፉ ላይ ሲሳብ፣ ወርቅ የተሸከሙት ፀረ እንግዳ አካላት ፕሮቲኑን ይይዙታል። ጥቂት እንደ ተጓዙም በመስመር ላይ ተተክለው የሚጠብቁ ሌሎች ፀረ እንግዳ አካላት ያስቀሯቸዋል። በዚያች ጠባብ ስፍራ ብዙ ወርቅ ሲከማች ቀይ መስመር ይታያል። ተውሳክ ከሌለ ወርቁ አልፎ ይሄዳል፤ መመርመሪያው በትክክል መሥራቱን የምታረጋግጠው ሁለተኛዋ መስመር ብቻ ትቀላለች።

ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ማይክሮስኮፕና ያለ ማቀዝቀዣ መሣሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ወባ የተጠረጠረበት ሰው ሁሉ ከመታከሙ በፊት እንዲመረመር ሲመክር ምክሩ በገጠር ሊፈጸም የቻለው በእንዲህ ያለ መመርመሪያ ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ያሰማራቸው ሠራተኞች ወባን ለይተው ማከም የቻሉት ይህንኑ መሣሪያ ይዘው ነው። ጉዳዩ የሕይወትና የሞት ጉዳይ መሆኑን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ሲመዘገቡ 1,157 ሰዎች ሞተዋል። ካፋ የሚገኝበት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም ከፍተኛ ቁጥር ከተመዘገበባቸው ክልሎች አንዱ ነበር።

እንግዲህ የናኖ ቅንጣት ለምርመራ መዋሉን ከሚቃወሙት ወገን አለመሆናችን ግልጽ ይሁን። በጊዜው ያልተመረመረ ወባ የሚያደርሰውን ጥፋት እናውቃለን። ከዚህ በታች የምንለውም ሁሉ ምርመራውን ለማስቀረት ሳይሆን ምርመራው ትቶት የሚሄደውን ነገር ለማስተካከል የሚል ነው።

ማንኪራን ለምን አነሣን?

ማንኪራ ከቦንጋ ከተማ ብዙም ሳይርቅ በዴቻ ወረዳ የሚገኝ ደናማ ቀበሌ ነው። የአካባቢው ሰው የቡና መገኛ ይለዋል፤ እናት ቡና እየተባለ የሚጠራ ዛፍም ይታይበታል። ቡናው በደኑ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ አንዱ ምክንያት ይኸው የጫካ ቡና የያዘው የዘር ሀብት ነው።

የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ማለት ሰው የማይገባበት አጥር አይደለም። ምንም የማይነካበት እምብርት፣ ቡና፣ ማርና ኮረሪማ የሚሰበሰብበት መካከለኛ ክፍል፣ እንዲሁም ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት የውጭ ክፍል አለው። በዚህ በመጨረሻው ክፍል ውስጥ ትምህርት ቤትም፣ ገበያም፣ ጤና ኬላም ይኖራል። ስለዚህ የጤና ኬላው የቆሻሻ ጉድጓድና የቡናው ደን የተለያዩ ዓለማት አይደሉም፤ በአንድ አፈርና በአንድ ውኃ የተያያዙ ናቸው። ከካፋ ከፍታዎች የሚወርዱ ብዙ ወንዞች ጎጀብንና ኦሞን ይቀላቀላሉ፤ ኦሞም ተጉዞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል።

ማንኪራን ያነሣንበት ሌላው ምክንያት ሰው ከደኑ የሚበላውና የሚጠጣው በቀጥታ መሆኑ ነው። ቡናውና ኮረሪማው ከደኑ ተለቅመው፣ ማሩ ከዛፍ ላይ ቀፎ ወርዶ ይበላል። ንብ ከቀፎዋ ብዙ ርቃ አበባ ስለምትቀስም ማር የአንድን አካባቢ አየርና ዕፅዋት ሁኔታ የሚመሰክር ነገር ነው። በትልቅ ከተማ አጠገብ አፈር ቢበከል ብክለቱን ከመኪና ጭስና ከፋብሪካ ፍሳሽ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። በማንኪራ ግን ብዙም ያልተነካ ደን አለ፤ አንድ አዲስ ነገር ቢመጣ መምጣቱን ለይቶ ማየት ይቻላል። ለሳይንስ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሲጠፋም ተመልሶ አይገኝም።

ቁጥሩ ምን ይነግረናል?

ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ከፍርዱ በፊት ሒሳቡን እንሥራ። በአንድ መመርመሪያ ውስጥ የሚገባው ወርቅ ጥቂት ማይክሮግራም ብቻ ነው። ለሒሳባችን 5 ማይክሮግራም እንውሰድ። በዚህ ስሌት አንድ ሚሊዮን መመርመሪያዎች በአንድነት የሚይዙት ወርቅ 5 ግራም ይሆናል፤ ከአንድ የጋብቻ ቀለበት ብዙም የማይበልጥ ማለት ነው። ይህን ያህል ወርቅ በሺህ በሚቆጠሩ ጤና ኬላዎች ላይ ቢበተን ለአፈሩ ምንም ነው የሚያሰኝ ነው።

ይሁን እንጂ በናኖ ዓለም ክብደት ብቻውን በቂ መለኪያ አይደለም። 5 ማይክሮግራም ወርቅ ባለ 40 ናኖሜትር እንክብሎች ሆኖ ሲቆጠር ወደ 8 ቢሊዮን የሚጠጉ ቅንጣቶች ይሆናል። በአንዲት መመርመሪያ ውስጥ የዓለምን ሕዝብ ቁጥር የሚስተካከል ቅንጣት አለ ማለት ነው። ስለ ገጹ ስፋትም እንዲሁ ነው። አንድ ግራም ወርቅ በአንድ ጠጣር ኩብ መልክ ቢቀመጥ የገጹ ስፋት አንድ ካሬ ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም፤ ያው ግራም ባለ 40 ናኖሜትር እንክብል ሲሆን ግን ገጹ ወደ 8 ካሬ ሜትር ይጠጋል። ኬሚካዊ ግንኙነት የሚካሄደው በገጽ ላይ በመሆኑ፣ ናኖ ቅንጣት ከተሠራበት ቁስ የተለየ ጠባይ ሊያሳይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ወርቅ ከምንም ጋር አይዋሐድም የሚለው የትምህርት ቤት አነጋገርም በዚህ መጠን ሲታይ ገደብ አለው። በጀርመን አገር በአኸን እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት 15 ናኖሜትር የሚሆኑ የወርቅ ቅንጣቶች በቤተ ሙከራ ያሉ ሕዋሳትን ሳይጎዱ 1.4 ናኖሜትር የሆኑት ግን እንደገደሉ አሳይቷል። በአሜሪካ አገር በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት የምድር ትሎች ከአፈር ውስጥ የወርቅ ናኖ ቅንጣቶችን ወደ ሰውነታቸው ወስደዋል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ በ2011 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ የትምባሆ ተክል ቅንጣቶቹን እንደሚወስድና ቅጠሉን የበላው አባጨጓሬ ከቅጠሉ የበለጠ መጠን እንደሚያከማች ገልጿል። ቅንጣቶቹ ከአፈር ወደ ሕያዋን፣ ከአንዱም ሕያው ወደ ሌላው ሊሻገሩ ይችላሉ ማለት ነው።

እነዚህን ውጤቶች በሚዛን ማየት ያስፈልጋል። በጥናቶቹ የዋለው መጠን ከመመርመሪያዎች ሊመጣ ከሚችለው እጅግ የበዛ ነበር። በመመርመሪያው ውስጥ ያለው ወርቅም ከንጣፉ ጋር ደርቆ የተጣበቀ ነው። ከተቃጠለም ብዙው እርስ በርሱ ተጋግሮ በአመዱ ውስጥ ይቀራል እንጂ እንደ ተበተነ አይቆይም። ስለዚህ ዛሬ በወባ መመርመሪያ ውስጥ ያለው ወርቅ ለማንኪራ ደን አስጊ ነው ብለን አንከራከርም። ቁጥሩም አይደግፈንም። ከዚህ ሒሳብ የተማርነው ወርቅ ንጹሕ መሆኑን ሳይሆን፣ ፍርድ ከመስጠት በፊት ክብደቱንም፣ ብዛቱንም፣ ስፋቱንም መቁጠር እንደሚገባ ነው።

ያልጠበቅነው ተጠያቂ

ሒሳቡን ወደ ወርቁ መያዣ ስናዞረው ነገሩ ይለወጣል። ንጣፉን የሚሸከመው የፕላስቲክ ቅርፊት 4 ግራም ቢመዝን፣ አንድ ሚሊዮን መመርመሪያዎች 4 ቶን ፕላስቲክ ይዘው ይመጣሉ። ከ5 ግራሙ ወርቅ ጋር ሲነጻጸር 800,000 እጥፍ ነው። በዚህ ላይ የደም መውሰጃው ቧንቧ፣ መርፌው፣ የማሟሟያው ጠርሙስ፣ እርጥበት መጣጩ ከረጢትና ማሸጊያው ይጨመራል። በማሟሟያው ፈሳሽ ውስጥ ብዙውን ጊዜ እንዳይበላሽ በጥቂቱ የሚጨመረው ሶዲየም አዛይድም መርዛማ ነው።

ደም የነካው ዕቃ እንደ ተራ ቆሻሻ ስለማይጣል መጨረሻው እሳት ነው። ጥሩ የሕክምና ቆሻሻ ማቃጠያ ሁለት ክፍል ያለው ሲሆን በሁለተኛው ክፍል ጭሱ ከ850 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት እንደ ገና ይቃጠላል። ክፍት ጉድጓድ ወይም በጡብ የተሠራ አነስተኛ ምድጃ ግን ይህን ሙቀት አግኝቶ ማቆየት ይቸግረዋል፤ ይልቁንም በዝናባማ አገር፣ እርጥብ ቆሻሻ ሲገባበት። በዝቅተኛ ሙቀት የሚቃጠል ፕላስቲክ ጥላሸትና ልዩ ልዩ መርዛማ ጋዞችን ይለቃል። በውስጡ ክሎሪን ያለበት እንደ ፒቪሲ ያለ ፕላስቲክ ካለ ደግሞ ዳይኦክሲንና ፉራን የተባሉት ለዓመታት በአፈርና በእንስሳት ስብ ውስጥ የሚቆዩ መርዞች ይፈጠራሉ። ኢትዮጵያም የተቀበለችው እ.ኤ.አ. የ2001ዱ የስቶክሆልም ስምምነት የሕክምና ቆሻሻ ማቃጠያዎችን ከእነዚህ መርዞች ምንጮች አንዱ አድርጎ የመዘገባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንሻው ነገር አለ። ስለ ናኖ ቅንጣት ስንጨነቅ ዓይናችን በቅንጣቱ ላይ ብቻ ተተክሎ ጭሱን ሳናይ ልንቀር እንችላለን። ጥላሸትም ራሱ ናኖ ቅንጣት ነው። ከጉድጓዱ የሚወጣው ጭስ በቤተ ሙከራ ከተሠራው ወርቅ ይልቅ ሳይለካና ሳይጠየቅ ወደ ሳንባ የሚገባ ናኖ ቅንጣት ይዟል። እንግዲህ በማንኪራ አካባቢ ዛሬ ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ወርቁ ምን አደረገ የሚል ሳይሆን ቅርፊቱ እንዴት ተቃጠለ፣ አመዱስ የት ተቀበረ የሚል ነው።

ከወርቅ ቀጥሎ የሚመጡት

የዛሬው መመርመሪያ ግን እንዳለ አይቆይም። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች ከ12,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት የፋልሲፓረም ተውሳክ ኤችአርፒ-2ን የሚሠራውን ዘረ መል እየጣለ መሆኑን አሳይቷል። በዚህም ምክንያት ይህን ፕሮቲን ብቻ የሚፈልግ መመርመሪያ ከፋልሲፓረም ሕሙማን መካከል 9.7 በመቶ ያህሉን ሊስት እንደሚችል ተገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው እንዲለወጥ የሚመክረው ስሕተቱ 5 በመቶ ሲደርስ በመሆኑ ነገሩ ቀላል አይደለም። በምትኩ ኤልዲኤችን የሚፈልጉ መመርመሪያዎች አሉ፤ ነገር ግን ተውሳኩ በደም ውስጥ ጥቂት ሲሆን የማየት አቅማቸው በአብዛኛው ያነሰ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከወርቅ ይልቅ ደምቀው የሚታዩ ቅንጣቶችን መፈለጋቸው ተፈጥሯዊ ነው።

ከእነዚህ መካከል ስመ ጥር የሆኑት ኳንተም ዶት የተባሉት ናቸው። መጠናቸው ሲለወጥ ቀለማቸው የሚለወጥ እነዚህ ደቂቅ ብልጭታዎች ለፈልሳፊዎቻቸው ለሙንጂ ባዌንዲ፣ ለሉዊስ ብሩስና ለአሌክሴይ ኤኪሞቭ የ2023ን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አስገኝተዋል። ሆኖም ከነባሮቹ ብዙዎቹ የተሠሩት ከካድሚየም ውሕዶች ነው። ካድሚየም ኩላሊትንና አጥንትን የሚጎዳ፣ ከአፈርም ወደ ተክል በቀላሉ የሚገባ ብረት ነው። መከላከያ ሽፋኑ በአየርና በብርሃን ሲበላሽ ወይም በእሳት ሲፈርስ ካድሚየሙ ሊወጣ ይችላል። የብር ናኖ ቅንጣትም ከወርቁ ይለያል፤ ቀስ በቀስ እየሟሟ የብር አዮን ስለሚለቅ ባክቴሪያን ይገድላል። ለቁስል ማከሚያ ይህ በጎ ጠባይ ነው፤ የወደቀ ቅጠል ወደ አፈር የሚመልሱ ሕያዋን ለሚኖሩበት የደን አፈር ግን በጎ አይደለም። በአንጻሩ ለኤምአርአይ ምርመራ የተሞከሩት የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች በሰውነት ውስጥ ፈርሰው ብረታቸው ከደም ብረት ጋር ይቀላቀላል። ሁሉም ናኖ ይባላሉ፤ መጨረሻቸው ግን የተለያየ ነው።

ቀድሞ አለመጠየቅ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ከናኖ ውጪ ያለ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ለኤምአርአይ ምርመራ በደም ሥር የሚሰጠው የጋዶሊኒየም ውሕድ በሐኪሞች ዘንድ መሠራጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ውሕዱ ከታማሚው በሽንት ይወጣል፤ ከዚያም በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሳይያዝ ያልፋል። ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ ሚካኤል ባውና ፔተር ዱልስኪ የተባሉ የጀርመን ተመራማሪዎች ብዙ ሕዝብ በሚኖርባቸው አካባቢዎች የሚፈሱ ወንዞች ከተፈጥሮ የበዛ ጋዶሊኒየም እንደሚገኝባቸው አሳወቁ። ማንም ክፉ አልሠራም፤ መድኃኒቱም ብዙዎችን ጠቅሟል። ከሰውነት ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ ግን አስቀድሞ የጠየቀ አልነበረም። ያች አገር ዘመናዊ ማጣሪያና በርካታ ቤተ ሙከራዎች ነበሯት። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ቢያመልጥ መልሶ ለመያዝ ያለን አቅም አነስተኛ መሆኑን ማሰብ ይገባል።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

በሽታ ሲፈጀን ስለ ትልና ስለ አባጨጓሬ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ቀልለን ልናየው አንችልም። ነገር ግን ጤናን ከደን ጋር ማፋጠጥ የተሳሳተ አቀራረብ ነው። በጉድጓዱ አጠገብ ጭሱን የምትተነፍሰው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ከጉድጓዱ በታች ካለው ምንጭ ውኃ የሚቀዳው ሕፃን፣ የሚመረመረውም ገበሬ አንድ ማኅበረሰብ ናቸው። ከአንድ በሽታ አድኖ ለሌላ መርዝ የሚያጋልጥ ሕክምና ሥራውን በግማሽ ትቷል።

ሌላው ተቃውሞ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሙሉ ደኅንነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ማንኛውም ናኖ ቅንጣት አይግባ የሚል። በዚህም አንስማማም። ሙሉ ደኅንነቱ የተረጋገጠ ነገር በዓለም የለም። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲና የምሕንድስና ሮያል አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ሪፖርት የመከሩት የተሻለ ነው፦ ስለ ውጤታቸው የበለጠ እስኪታወቅ ድረስ ሰው ሠራሽ ናኖ ቅንጣቶች ወደ አካባቢ መለቀቃቸው በተቻለ መጠን ይቀነስ። አለመጠቀም ሳይሆን አለመበተን ማለት ነው። የታሰረና ተመልሶ የሚሰበሰብ ቅንጣት አንድ ነገር ነው፤ በአፈር ላይ የሚፈስ ሌላ ነገር ነው።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ ጥያቄው በግዥ ሰነድ ላይ ይጻፍ። መመርመሪያ ሲገዛ ስለ ትክክለኛነቱና ስለ ዋጋው እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ ቅንጣቱ ከምን እንደ ተሠራ፣ ካድሚየም ወይም ሌላ መርዛማ ብረት እንዳለበትና እንደሌለበት፣ ቅርፊቱ ክሎሪን ካለበት ፕላስቲክ መሆን አለመሆኑ ይጠየቅ። መልሱም በማሸጊያው ላይ ይታተም። ቅርፊቱን ከወፍራም ወረቀት መሥራት ስለሚቻል ለእንዲህ ያለው ዕቃ ቅድሚያ ይሰጥ። ብዙ መመርመሪያ የሚገዛ አገር ይህን የመጠየቅ ኃይል አለው።

ሁለተኛ፣ ወደ ገጠር የሚሄደው የመድኃኒት መኪና ባዶውን አይመለስ። ያገለገሉት መመርመሪያዎች በታሸገ ሣጥን ተሰብስበው በቂ ሙቀት ወዳለው ማቃጠያ ይወሰዱ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ስለ አደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ቁጥር 1090 ወጥተዋል። ሕግ ከወረቀት ወደ ጉድጓዱ አፍ የሚደርሰው ግን በመኪናና በበጀት ነው።

ሦስተኛውና ለእናንተ ለተማሪዎች በተለይ የምናቀርበው፣ ልኬታው ዛሬ ይጀመር የሚል ነው። በማንኪራ አፈር፣ በምንጮቹ ደለል፣ በማሩና በቡናው ቅጠል ውስጥ ዛሬ ምን ያህል ወርቅ፣ ብርና ካድሚየም አለ? ይህ መነሻ ቁጥር ካልተመዘገበ ከ20 ዓመት በኋላ ተጨመረ ወይም አልተጨመረም ብሎ መከራከር አይቻልም። ናሙና መውሰድ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ንጹሕ ዕቃ፣ የተጻፈ ቀን፣ የተመዘገበ ስፍራና ትዕግሥት ይበቃሉ። ትንተናው መሣሪያው ባለበት ቤተ ሙከራ ሊሠራ ይችላል፤ ናሙናውም ደርቆ ለሚመጡት ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። በቦንጋና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚማሩ የኬሚስትሪና የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ከዚህ የሚቀርብ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ማግኘት ያስቸግራል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለውን ስሌት ደግመው ሠርተው፣ 5 ማይክሮግራም ያልነውን በ1 ወይም በ10 ለውጠው ፍርዳችን ይጸና እንደሆነ ቢመረምሩ ደስ ይለናል።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ደማቆቹ ቅንጣቶች ገና በብዛት ወደ ጤና ኬላዎቻችን አልደረሱም፤ ቅጠሉ የሚበቃበት ጊዜ አሁን ነው። ቀይዋ መስመር ስትታይ ለታማሚው መልስ ተገኝቷል። መመርመሪያው ከጠረጴዛው ሲነሣ ግን ለአፈሩ መልስ የሚሰጠው ማን እንደ ሆነ በስም የተመደበ ሰው በየጤና ኬላው ሊኖር ይገባል።